ስለ ከተማ ያለ ልክ መስፋት፤ የጅቡቲ ሽቦና የባልባላ ሠፈር

ከተማ በሰፋ ቍጥር ያደገ ይመስላል። ነገር ግን የከተማ ማደግና የከተማ መስፋት አንድ ነገር አይደሉም። ከተማ አደገ የሚባለው መንገዱ፣ ውሃው፣ ትምህርት ቤቱና የሥራው ቦታ ከነዋሪው ቍጥር ጋራ አብሮ ሲጨምር ነው፤ ሰፋ ብቻ የሚባለው ግን ቤቱ በሜዳው ላይ እየተበተነ ሄዶ ውሃውና መንገዱ ከኋላ ሲቀሩ ነው። ይህ ሁለተኛው ዐይነት መስፋት ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ፣ ከሐዋሳ እስከ ባሕር ዳር በየማዘጋጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ ጉዳይ ሆኗል። የሚሰጠውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ወሰን ማስመር፣ ከወሰኑ ውጭ የተሠራውን ማፍረስ፣ የሚመጣውንም ሰው ወደ መጣበት መመለስ ነው።

ይህ መልስ የቱን ያህል እንደሚያስኬድ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ከጅቡቲ ከተማ የተሻለ ምሳሌ በአቅራቢያችን አይገኝም። ጅቡቲ በምድር ባቡሩ ምክንያት ከእኛ ከተሞች ጋራ እንደ እኅት የኖረች፣ ዛሬም የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ የሚበዛው ክፍል የሚተላለፍባት ወደብ ናት። ደግሞም የከተማን መስፋት በመስመር ብቻ ሳይሆን በእሾኻማ ሽቦና በወታደር ጥበቃ ለመከልከል የተሞከረባት ከተማ ናት። የሙከራውም ውጤት ዛሬ በዓይን ይታያል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ፈረንሳውያን የጅቡቲን ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ጠረፍ ላይ የቈረቈሩት በ1888 ነው። አስቀድሞ የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ በሰሜኑ ጠረፍ በኦቦክ ነበር። አገረ ገዢው ሌዎንስ ላጋርድ ግን ጅቡቲ ለመርከብ መጠለያ የተመቸች፣ ወደ ሐረር ለሚወጣውም ሲራራ ነጋዴ የቀረበች መሆንዋን ተመልክቶ መቀመጫውን ወደዚያ አዛወረ። ቦታው ለወደብ እንጂ ለሰፊ ከተማ የተመቸ አልነበረም። ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ የሆኑ ጥቂት ዝቅተኛ አምባዎች ወደ ባሕሩ ገባ ብለው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ጨዋማ ሜዳ ባሕሩ በሞላ ጊዜ ውሃ ያለብሰው ነበር። ፈረንሳውያን አምባዎቹን በአፈር ድልድል አገናኝተው፣ ከፍ ባለው ቦታ ላይ የመንግሥት ቢሮዎችን፣ የነጋዴዎችን ሱቆችና የሹማምንቱን መኖሪያ ከድንጋይ ሠሩ።

ጅቡቲን ትልቅ ከተማ ያደረጋት ግን የምድር ባቡሩ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የጅቡቲ ዋናው አደባባይም ለረጅም ዘመን በምኒልክ ስም ይጠራ ነበር። ሐዲዱን የዘረጋው፣ ከመርከብ ዕቃ ያወረደው፣ ጨው ያወጣው ሠራተኛ ሁሉ የሚያድርበት ቦታ ያስፈልገው ነበርና ከድንጋዩ ከተማ በስተ ደቡብ ያለው፣ ከባሕሩ ወለል እምብዛም የማይበልጠው ዝቅተኛ ሜዳ ተሰጠው። ሶማሌው ይህን መገላ ይለው ነበር፤ ቃሉ ከተማ ማለት ነው። በድሬዳዋም ከደቻቱ ማዶ ያለው ሠፈር በዚሁ ስም መጠራቱን አንባቢ ያስታውሳል። በኋላ ከ1 እስከ 7 በቍጥር የተጠሩት ሠፈሮች፣ በአገሬው አነጋገር ካርትዬዎች፣ በዚህ ሜዳ ላይ በቀጥታ መንገዶች ተሸንሽነው ቆሙ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ደንብ አለ። ሰው ያልያዘው መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው ተብሎ ስለ ተደነገገ፣ በካርትዬዎቹ ለሚኖረው ሰው ይሰጠው የነበረው ወረቀት የርስት ካርታ ሳይሆን ጊዜያዊ የመቀመጫ ፈቃድ ነበር። ጊዜያዊ ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ ቤቱን ከጣውላና ከቆርቆሮ እንጂ ከድንጋይና ከሲሚንቶ እንዲሠራ አይፈቀድለትም ነበር። የደንቡ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ መንግሥት ቦታውን በፈለገው ጊዜ ሰውየውን በቀላሉ ያነሣዋል፣ ካሣም አይጠየቅም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን እንደ ጥበብ ቈጥረውት ይሆናል። ያላሰቡት ነገር ግን የጣውላ ቤት ፎቅ የማይሸከም መሆኑን ነው። ልጁ ሲያገባ፣ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ፣ በድንጋይ ቤት ላይ ሌላ ደርብ ይጨመራል፤ በጣውላ ቤት ላይ ግን ምንም አይጨመርም። ስለዚህ አዲስ የሚወለደውና አዲስ የሚመጣው ሁሉ ሌላ መሬት መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ከተማው ወደ ላይ እንዳይወጣ የከለከለው ደንብ ወደ ጎን እንዲፈስ አደረገው ማለት ነው። በዚህ ላይ የጣውላ ቤት በጅቡቲ የበጋ ሙቀት ውስጥ ምን እንደሚመስል፣ እሳት በአንዱ በተነሣ ጊዜም ለጎረቤቱ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው መግለጽ አያስፈልግም።

በዚህ ሁኔታ 1966 ደረሰ። በኦገስት 25 ቀን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ደጎል ከተማዋን ሲጐበኙ ነጻነትን የሚጠይቁ ሰልፈኞች ጽሑፍ ይዘው ወጡ፤ ግጭት ተነሣ፣ የሰውም ሕይወት ጠፋ። ከዚህ በኋላ በዚያው ዓመት የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከተማዋን ከየብስ በኩል ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ እሾኻማ ሽቦ አጠራት። የጥበቃ ማማ ተተከለ፣ ወታደር ቆመ፣ በመንገዶቹም ላይ ኬላ ተደረገ። የተሰጠው ምክንያት ከውጭ የሚጐርፈውን ሕዝብ መቆጣጠር የሚል ነበር። የፖለቲካ ዐላማ እንደ ነበረበትም የሚካድ አይደለም፤ በመጋቢት 1967 ሕዝቡ ከፈረንሳይ ጋራ ለመቆየት ወይም ለመለየት ድምፅ ሊሰጥ ነበርና ማን በከተማው ውስጥ ይቈጠራል የሚለው ጥያቄ ትልቅ ዋጋ ነበረው። በድምፁም ከመቶ ስድሳ ያህሉ መቆየትን እንደ መረጠ ተነገረ። የእኛ ጉዳይ ግን ፖለቲካው ሳይሆን ሽቦው ለከተማው አሠፋፈር ያደረገው ነገር ነው።

ኬላ ባለበት ገበያ ይቆማል። ከገጠሩ በድርቅ ምክንያት ከብቱ ያለቀበት ዘላን፣ ከድንበር ማዶ ወንድሙን ፈልጎ የመጣ ሰው፣ ከከተማው ተባሮ የወጣም ሠራተኛ ኬላው ላይ ሲደርስ አልተመለሰም፤ እዚያው ዐረፈ። ሥራው፣ ወደቡና ዘመዱ ያሉት በሽቦው ውስጥ ነው፤ ወደ ኋላ ቢመለስ የሚጠብቀው ምንም የለም። ዛሬ ፈቃድ ባያገኝ ነገ ያገኝ ይሆናል፤ ለነገ ደግሞ ጥላ ያስፈልገዋል። ሌሊት ተሸሽጎ ለመሻገር የሞከረም ነበር፤ በዚህ ሕይወቱን ያጣም አለ። እንዲህ ሆኖ አምቡሊ ከሚባለው ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ ድንጋያማ በሆነው ደጋ ላይ፣ በጨርቅ፣ በካርቶን፣ በተቀጠቀጠ በርሜልና በጣውላ የተሠራ ሠፈር ተነሣ። ስሙ ባልባላ ነው። ባልባላን ማንም መሐንዲስ አልነደፈውም፤ የተነሣበትን ቦታ ግን ሽቦው መረጠለት ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ከከተማው ጠርዝ ጋራ ተያይዞ እየተጠጋ ቢሠፍር ኖሮ ከከተማው የውሃ ቧንቧና መንገድ ጥቂት ሜትር ብቻ መቀጠል በበቃ ነበር። ከሽቦው ውጭ በመሆኑ ግን ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንዳች አገልግሎት በሌለበት ቦታ ተተከለ።

ጅቡቲ ጁን 27 ቀን 1977 ነጻነትዋን ስታውጅ ሽቦው ትርጕሙን አጣ፤ በ1980ዎቹ ተነሥቶ ባልባላም የከተማዋ ክፍል ሆነ። ይሁን እንጂ ሽቦው ቢነሣም የተከለው አሠፋፈር አልተነሣም። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን የተደረገው ጦርነት፣ ከ1988 ጀምሮ በሶማሊያ የተነሣው የእርስ በርስ ውጊያ፣ በ1991 በኢትዮጵያ የሆነው የመንግሥት ለውጥ፣ ከ1991 እስከ 1994 በጅቡቲ በራስዋ ሰሜናዊ ክፍል የተደረገው ጦርነት፣ በየመካከሉም የወረደው ድርቅ ሁሉ ሰውን ወደዚህች ከተማ ገፋ። የመጣውም ሰው የሚያውቀው ሰው ወዳለበት ሄደ፤ ይህም ባልባላ ነበር። በ2009 በተደረገው ቈጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 818,159 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 475,322 የሚሆነው በጅቡቲ ከተማ ይኖር ነበር። በ2024 ቈጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን አልፎ ከአሥር ሰው ሰባት ያህሉ የዋና ከተማዋ ነዋሪ ሆኖ ተገኘ። 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በሆነ አገር ውስጥ ይህን ያህል ሕዝብ በአንዲት የጠረፍ ጥግ ላይ መከማቸቱ የሚያስገርም ነው።

ባልባላም በበኩሉ በዋናው መንገድ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ እየተሳበ ሄደ። የመንገዱ ኪሎ ሜትር ድንጋይ የሠፈር ስም እስከ መሆን ደረሰ። የኛ አገር የከባድ መኪና ሾፌሮች ጭነት እስኪያገኙ የሚያድሩበት ፔካ 12 የሚባለው ቦታ ትርጕሙ አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ማለት ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በዚያ በኩል ሲያልፍ ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው የቀሩ፣ ለሾፌሮች ሻይና ምግብ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አግኝቶ ነበር። «እማማ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ቤቱስ የኔ ነው ልጄ፤ መሬቱ የማን እንደ ሆነ ግን እኔን አትጠይቀኝ» አሉት። ግድግዳው ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ገንዘብ ቢያገኙ በድንጋይ ይሠሩት እንደ ሆነ ሲጠየቁም፣ «ጣውላ ከሆነ ነቅዬ እሄዳለሁ፤ ድንጋይ ከሆነ ግን ጥዬ ነው የምሄደው» ብለው መለሱ። በብዙ ገጽ የተጻፈ የመሬት ጥናት ከዚህ የበለጠ አያስረዳም።

እንግዲህ የዚህ መስፋት ምክንያት ምንድር ነው? የብዙ ሰው መልስ «ስደተኛ በዛ» የሚል ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ግማሹ እውነት ብቻ ነው። ወደብ ያለበት፣ ሥራ ያለበት፣ ሐኪም ቤት ያለበት ከተማ ሰውን መሳቡ አይቀርም፤ በድርቅ ጊዜም ከብቱን ያጣ ዘላን ሌላ የሚሄድበት የለውም። ሰው መምጣቱ ከተማው ለምን እንደሚያድግ ይነግረናል እንጂ ለምን እንደሚበተን አይነግረንም። የመበተኑን ምክንያት መፈለግ የሚገባን በመሬቱ አሰጣጥ ላይ ነው። ሕጋዊ ቦታ ለማግኘት ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ብዙ ዓመታት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ልጆቹን የሚያሳድርበት የሌለው ሰው ሕጋዊ ያልሆነውን ይይዛል። ሕጋዊ ያልሆነውም የሚገኘው መሐንዲሱና ዘበኛው በማይደርሱበት ሩቅ ቦታ ነው። አንዴ ከተያዘ በኋላ ደግሞ ነዋሪው የሚሰጠው ወረቀት ጊዜያዊ ስለ ሆነ ቤቱን አያጠነክርም፣ ፎቅም አይሠራም፤ ልጁም በተራው ሌላ ሩቅ ቦታ ይፈልጋል። በአዲስ አበባም እንዲሁ ነው። በ1975 በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ ቦታ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ሆነ፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጠው ከሚፈለገው ባነሰ ቍጥር በዳር በዳሩ በአንድ ሌሊት የሚቆመው ቤት በዛ። ሕዝቡም የጨረቃ ቤት ብሎ ሰየመው።

የተበተነ ከተማ ዋጋው የሚታወቀው በመጀመሪያ በውሃ ነው። ጅቡቲ በዓመት የምታገኘው ዝናም 150 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከተማዋ የኖረችው በአምቡሊ ወንዝ አካባቢ ከተቈፈሩ ጕድጓዶች በምትቀዳው ውሃ ሲሆን፣ ብዙ በተቀዳ ቍጥር የባሕሩ ጨው ወደ ጕድጓዱ ይገባል። ቧንቧ በሌለበት ሠፈር ውሃ የሚገባው በቦቴና በበርሜል ነው፤ እንዲህ ዐይነቱን ውሃ የሚገዛው ድኻ ቧንቧ በቤቱ ካለው ሀብታም ይልቅ ለአንድ ሊትር አብልጦ ይከፍላል። ሁለተኛው ዋጋ የመንገድ ነው። ለቀን ሥራ ወደ ወደቡ የሚሄድ ሰው ከደመወዙ ላይ የአውቶቡስ ሒሳብ በጧትና በማታ ይቀነስበታል፤ ሥራ ባይገኝም የሄደበት አይመለስለትም።

ሦስተኛው ዋጋ በሕይወት የሚከፈል ነው። አምቡሊ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። መሬት ያጣ ሰው ደረቅ አሸዋ ባየ ጊዜ ቦታ ያገኘ ይመስለዋል። በአፕሪል 2004 ግን ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ በሌሊት መጥቶ በወንዙ ዳር ያሉትን ቤቶች ጠራረገ፤ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በኖቬምበር 2019 ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዓመት ዝናም የሚበልጥ ወርዶ ዝቅተኛዎቹን ካርትዬዎች ውሃ ሞላባቸው። የድሬዳዋ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ይረዳዋል፤ በኦገስት 2006 በደቻቱ ወንዝ የሆነው ይኸው ነበር፤ ከ200 በላይ ሰዎች በአንድ ሌሊት አልቀዋል። በወንጌል ቤቱን በአሸዋ ላይ የሠራው ሰው ሰነፍ ተብሏል። በልጅነታችን በትምህርት ቤት ይህን ስንማር የሚታየን የሰውየው ስንፍና ብቻ ነበር። ባልባላንና አምቡሊን ያየ ሰው ግን፣ ዐለቱን የያዘው ማን ነበር፣ ለመስጠትስ ምን ያህል ዓመት አስጠበቀው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መቆጣጠር አይገባም የሚል ሐሳብ ከዚህ አይወጣም። ዓለም ሁሉ ይቆጣጠራል። ለንደን በዙሪያዋ ቤት የማይሠራበት አረንጓዴ መቀነት እንድትታጠቅ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነበሩ፤ የ1944ን የታላቋን ለንደን ፕላን የነደፉትም እርሳቸው ናቸው። እኚሁ ሰው በ1950ዎቹ ተጠርተው መጥተው የአዲስ አበባን ፕላን ማዘጋጀታቸውን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። የለንደን መቀነት ነቀፌታ አላጣውም፤ ከመቀነቱ ወዲያ ማዶ ቤት ሠርቶ በባቡር የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው፣ በውስጥ ያለውም ቤት ዋጋው ንሯል። ቢሆንም በዚያ ፕላን ክልከላው ብቻውን አልመጣም። «እዚህ አትሥሩ» የተባለው ሕዝብ «እዚያ ሥሩ» ተብሏል፤ በ1946 በወጣው ሕግ ስቲቭኔጅን የመሰሉ አዲስ ከተሞች ከነውሃቸውና ከነባቡራቸው ተቈርቍረውለታል። የ1966 የጅቡቲ ሽቦ ግን «አትግባ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም።

ስለዚህ የቍጥጥር ሥራ የሚጀምረው በማፍረሻ መኪና ሳይሆን በችካልና በገመድ ነው። ሰው ሳይመጣ መንገዱን መቀየስ፣ ለቧንቧና ለጎርፍ መውረጃ የሚሆነውን ቦታ መከለል፣ ወንዝ የሚሄድበትን ማንም እንዳይዘው አድርጎ ማስከበር፣ የቀረውን በትንንሹ ሸንሽኖ በአነስተኛ ዋጋ ማደል ያስፈልጋል። ቤቱን መንግሥት ሠርቶ ማስረከብ የለበትም፤ ሰው ቤቱን ራሱ ይሠራል፣ በባልባላም ያለ ማንም እርዳታ ሠርቶ አሳይቷል። ራሱ ሊሠራው የማይችለው መንገዱንና የውሃውን መሥመር ነው። በ1811 የኒው ዮርክ ሹማምንት የማንሃታንን ደሴት ከዳር እስከ ዳር በቀጥታ መንገዶች ሲቀይሱ የከተማው ሕዝብ መቶ ሺህ ያህል ብቻ ስለ ነበር፣ ፍየል በሚግጥበት ሜዳ ላይ መንገድ ያሰምራሉ ተብለው ሳይሣቅባቸው አልቀረም። ወደ ቅርባችን ስንመለስ፣ በድሬዳዋ የምድር ባቡሩ ሰዎች አስቀድመው የቀየሱት ከዚራ በጥላ ዛፎቹና በቀጥታ መንገዶቹ እስከ ዛሬ ያገለግላል። የጅቡቲ ካርትዬዎች ራሳቸው ጣውላ ቢሆኑም መንገዳቸው ቀጥ ያለ በመሆኑ የእሳት አደጋ መኪናም የቧንቧ ቈፋሪም ይገባባቸዋል፤ በባልባላ አሮጌ ክፍል ግን አንድ ቧንቧ ለመቅበር አስቀድሞ ቤት ማፍረስ ያስፈልጋል። ከሰው በኋላ የሚመጣ መንገድ ከሰው በፊት ከሚመጣው ብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

በዚህ ረገድ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ ከተሞች ይልቅ የተመቸች ናት ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ መስፋት የሚበላው የገበሬውን የእርሻ መሬት ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃም ካሣና ክርክር፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ነገር ያስከትላል። የባልባላ ደጋ ግን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ በላዩ ማረሻ አልዞረም። ከዚህ ጥቅም ሳይወሰድ ብዙ ዓመት ማለፉ ያሳዝናል።

ከወረቀቱም ሥራ መሸሽ አይቻልም። ጊዜያዊው ፈቃድ በቀላል ሥርዐት ወደ ጽኑ ካርታ የሚለወጥ ቢሆን፣ ሰውየው ጣውላውን በድንጋይ ይለውጣል፤ ድንጋዩም ደርብ ይሸከማል፤ በአንድ ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት ቤተ ሰብ ይኖርበታል። ከተማን ከመበተን የሚያድነው ይህ ነው። የጅቡቲ መንግሥት ወደዚህ መንገድ ቀስ በቀስ መጥቷል። በ2006 በተደረገው ምርጫ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ የየራሳቸው የምክር ቤት ያላቸው ሦስት ቀበሌዎች ሆኑ፤ ባልባላ ከሽቦው ማዶ የተጣለ ሠፈር መሆኑ ቀርቶ በስሙ የሚመርጥና የሚመረጥ ሆነ ማለት ነው። በ2018 ደግሞ የዓለም ባንክ በከተማዋ ያሉትን የድኾች ሠፈሮች ሳያፈርሱ በዚያው በቦታቸው ለማሻሻል የሚውል ገንዘብ ፈቀደ። ሳያፈርሱ የሚለው ቃል ከፍተኛ ዋጋ ያለው ነው፤ የፈረሰ ሠፈር አይጠፋምና፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ዳግመኛ ይቆማል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የከተማዋ ክብደት ራሱ ወደ ባልባላ እየዞረ ነው። አዲሱ የዕቃ መጫኛ ወደብ በ2009 በምዕራብ በዶራሌ ተከፈተ፤ በ2017 ሁለተኛው ተጨመረ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የመንገደኛ ጣቢያውን ያደረገው እንደ አሮጌው በመካከል ከተማ ሳይሆን በናጋድ ነው። ትላንት ዳር የነበረው ዛሬ መካከል ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ወደብና ጣቢያ በተከፈተ ማግስት ሰው በዙሪያው እንደሚሠፍር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም፤ ስለ ወደቡ በተጻፈው ውል ውስጥ ስለ ሠራተኛው ማደሪያ አንድ አንቀጽ መጨመርም ይህን ያህል ከባድ አይመስለንም።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ይኸውም ከከተማው ውጭ ስላለው አገር ነው። በኢትዮጵያና በጅቡቲ መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት በሶማሌ ክልል ከአዲጋላ አካባቢ ከተቈፈሩ ጕድጓዶች የሚነሣ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የውሃ መሥመር በ2017 ተመረቀ። ንድፉ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያስተላልፍ ነው። በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕርን ውሃ ጨው የሚያጣራ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የአዲጋላው መሥመር ወደ ጅቡቲ ከተማ ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ ዓሊ ሳቢህን፣ ዲክሂልንና አርታንም እንዲያጠጣ የታሰበ ነው። ከብቱ የሚሞትበት ዘላን በዓሊ ሳቢህ ቦኖ ውሃ፣ በዲክሂል ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ካገኘ፣ እስከ ፔካ 12 ድረስ መውረዱን አንድ ጊዜ ያስብበታል። የየአውራጃው አስተዳደር የከተማን መስፋት የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው ብሎ የሚተወው ከሆነ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚቆጣጠረው አስቀድሞ በሩ ላይ የደረሰውን ሰው ብቻ ይሆናል።